ጨጓራ የለብኝም

ባሕር ዳር ውስጥ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ካለ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። እናም አንዱ ጨጓራውን አስቆርጦ ከአዲስ አበባ ወይም ከኢስታንቡል ሲመለስ ጎረቤት መጀመሪያ የሚሰማው ቅናት ነው። «እሰይ! ምናለ እኔንም በገላገሉኝ፤ ይኸው ስንት ዓመቱ ሲያቃጥለኝ» ትላለች እትዬ፣ ደረቷን በእጇ እያሸች። የተቆረጠው ስላቃጠለ ሳይሆን ለውፍረት ነው ሲባል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። እኛ ዘንድ ሰው ሲወፍር «ሰው ሆነ» ይባላል፤ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ አይነገርም። ቦርጭ የሞላለት ሰው ማኅተም ነው። ታዲያ ማኅተሙን ራሱ ከፍሎ የሚያስፍቅ ምን ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨጓራ ሲወጠር ከ1 እስከ 1.5 ሊትር የሚይዝ ስልቻ ነው። «ስሊቭ» በሚባለው ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሆድ ላይ አምስት ያህል ትንንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ካሜራና መሣሪያ ያስገባል። ከአፍ እስከ ጨጓራ የወረደ ቱቦን ልክ አድርጎ ይይዝና ስልቻውን ከታች ወደ ላይ በቲታኒየም ሽቦ እየሰፋ ይቆርጠዋል። ከ75 እስከ 80 በመቶው በአንዷ ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ነገር ነው፤ 100፣ ቢበዛ 150 ሚሊ ሊትር። ሁለት የቡና ስኒ በሉት። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም ከተቆረጠው በኩል ስለሆነ፣ ሰውዬው በመጀመሪያዎቹ ወራት የእውነት አይርበውም። «አልራበኝም» ሲሏት የምታምን የቤት እመቤት ግን ጎጃም ውስጥ ገና አልተወለደችም።

ይህ ደግሞ ለሠርግ ሱሪ እንዲገባ ተብሎ የሚሠራ ነገር አይደለም። ለረጅም ዘመን መለኪያው ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለቴ ተካፍሎ 40 ሲመጣ፣ ወይም እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ሕመም ታክሎበት 35 ሲመጣ ነበር። በ2022 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው የባለሙያዎቹ ማኅበራት መመሪያ 35 ብቻውን ይበቃል ብሏል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው 35 ማለት 101 ኪሎ፣ 40 ማለት 116 ኪሎ ገደማ ነው። እኛ ሰፈር 101 ኪሎ «ደህና ይዟል» የሚባል ክብደት ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ገና ቢላዋው ሳይነሳ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ስብና ጣፋጭ የሌለው ጥቂት ምግብ ይታዘዛል። ምክንያቱ ጉበት ነው። የወፍራም ሰው ጉበት ስብ አዝሎ ያብጣል፤ ግራ ክንፉ ደግሞ ጨጓራው ላይ እንደ ጋቢ ተደርቦ ሐኪሙን መንገድ ይከለክለዋል። ሁለት ሳምንት ሲጾሙት ይሟሽሻል። ዘመድ ግን ይህን ሁለት ሳምንት የሚያውቀው የመሰናበቻ ድግስ ጊዜ ብሎ ነው። «ከእንግዲህ ላይበላ! ጠግቦ ይሂድ እንጂ።» በግ ይታረዳል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ጉበቱ ይወፍራል። የበጉ ጉበት ሲበላ የሰውዬው ጉበት ይሰባል። ሐኪሙ ካሜራውን አስገብቶ ጨጓራውን ማየት ካቃተው ያለ ሥራ ዘግቶ ሊመለስም ይችላል።

ተሳክቶ ቤት ሲገባ ጠያቂ ይጎርፋል። ሆስፒታሉ በዚያው ቀን ከአልጋ አስነስቶ ያራመደው፣ እግር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ነው። ቤቱ ሲመጣ ግን ሰው ሁሉ «አረ ተኛ! ምን ያንጎራድድሃል?» ይላል። ዘንባባው ሥር በቀን ሦስት አራቴ ቀስ ብሎ መሄድ ለእሱ መድኃኒት ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ግን ባጃጅ ያስቆምለታል። ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት ለአንድ ወር ተኩል ክልክል ነው። ይህቺን እንኳ ሰው ሳይከራከር ይቀበላታል።

የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ነው። ከቀዶ ጥገናው ሁሉ ያስቸገረችው ይህቺ «ፈሳሽ» የምትባል ቃል ነች። ሐኪሙ ውሃ፣ የተጠለለ የሥጋ መረቅ፣ ቀጥሎ ስቡ የወጣለት ወተት ማለቱ ነው። ጠያቂው ግን እንደ ጠበቃ ይተረጉማታል። ለስላሳ ፈሳሽ አይደለም ወይ? ጋዙ ሙዙን ይነፋዋል። ጠላስ? እሱም ከጋዝ አልፎ የአልኮሉ ነገር አለ፤ ጨጓራው ካጠረ በኋላ አልኮል ደም ውስጥ የሚገባው በጥድፊያ ነው፣ አንድ ጣሳ የድሮውን ሁለት ጣሳ ያህል ሊያሰክር ይችላል። ከሁሉ የባሰው አጥሚት ነው። አጃ፣ ማርና ቅቤ ተማክረው የሠሩት አታላይ ፈሳሽ ነው፤ ሳያስጨንቅ ተንሸራቶ ያልፋል፣ አያጠግብም፣ ኪሎውን ግን አንድ በአንድ ይመልሳል። ከዓመታት በኋላ መልሰው የሚወፍሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በጥሬ ሥጋ አይደለም የሚወፍሩት፤ በሚጠጣና በሚቀማመስ ነው። ባይፓስ ላሠራ፣ ማለትም ጨጓራው አንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር በአቋራጭ ለተገናኘለት ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ላብ፣ የልብ ድለቃና ተቅማጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የመጣችው ጠያቂም «ብርዜ ተመርዟል ልትል ነው?» ብላ ልትቀየም ትችላለች።

ውሃው ራሱ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። የሚታዘዘው በቀን 1.5 ሊትር ያህል ሲሆን መጀመሪያ ላይ በአንድ ጊዜ የሚገባው 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ያልሞላ የአረቄ መለኪያ። በየ15 ደቂቃው አንድ መለኪያ ቢጨልጥ 50 መለኪያ ለመጨረስ 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ጎን ለጎን የተቀመጠው ጠያቂ ሰውዬው በየሩብ ሰዓቱ መለኪያ ሲያነሳ ያያል፣ ሽታውን ያሸታል፣ ምንም ሽታ የለውም፤ ወጥቶም «ጀምሮታል፣ የዳግም ነው መሰለኝ» ብሎ ያወራል።

እዚህ ላይ ቀልድ የሌለበት ነገር አለ። የተሰፋው መስመር የሆነ ቦታ ላይ ቢያፈስ፣ በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው የሚታወቀው። ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ግራ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ከሁሉም በላይ ተቀምጦ እያለ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ያለ ምርመራ «ምች ነው» ይላል፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይመጣል። ዳማከሴው ሽታው ደስ ይላል፣ ስፌት ግን አይጠግንም። ያን ሌሊት ባጃጅ የሚጠራው ወደ ሆስፒታል ነው፣ ያውም ሳይነጋ።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የላመ ምግብ ይፈቀዳል፤ እዚህ ላይ ጣና ውለታ ይውላል። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ስቡ ሳይሆን ጡንቻው ይሄዳል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው። 100 ግራም የበሰለ የጣና ዓሣ፣ ቆሮሶ የሚሉት፣ ግን 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ፊሌቶውን ገዝቶ፣ የቀረች አጥንት እንዳትኖር በጣት ዳስሶ፣ በጥቂት ውሃና ጨው ቀቅሎ፣ ከመረቁ ጋር በሹካ ድምጥማጡን ማጥፋት ነው። የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ሁለት ማንኪያ። ሐይቁ ዳር በዘይት ደርቆ በሚጥሚጣ የሚቀርበው ጥብስ ዓሣ የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ወራት ይጠብቅ። ሩዝና ዳቦም እንደዚያው፣ የፎገራ ሩዝ ቢሆንም። እንጀራ ደግሞ ወጡን ጠጥቶ ይልማል፤ የሙዙ መሀል ጠበብ ያለች ማጠፊያ አለችው፣ እዚያ ሲደርስ ይቀረቀራል። ምልክቱ አይስትም፦ ደረት ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስላል፣ አፍ በወፍራም ምራቅ ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ጓሮ መሮጥ ነው። በውሃ ላወራርደው ማለት ያባብሰዋል። ከምግብ ጋር መጠጣት የለም፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት መቆየት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ፊት ነው ጉርሻ የሚቀርበው። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ያለው ሰው ስሊቭ አላሠራም። ሕጉ ትንሽ መቁረስ፣ 20 እና 30 ጊዜ ማላመጥ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ መጨረስ ነው። «አፈር ስሆን! በሞቴ!» እያለች ጣቶቿን አፍህ ላይ የያዘች አክስት ፊት 25 ጊዜ የሚያላምጥ ጀግና የለም። አንዷ ጉርሻ ምሳው ናት። ሁለተኛይቱ መቀረቀሪያው። ሦስተኛይቱ «እንዳንጣላ» ተብላ የምትመጣዋ ጓሮ ነች።

ሰበብ መምረጥም ጥበብ ነው። «ሐኪም ከልክሎኛል» አይሠራም፣ ወዲያው የተሻለ ሐኪም ይጠቁሙታል። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ሹክሹክታ ያመጣል። ረቡዕና ዓርብ «ጾም ነኝ» ከሁሉ ይሻላል፤ ችግሩ የእውነት የጾመ እንደሆነ ነው። አንድ ስኒ ተኩል ያህል ወፍራም የምስር ክክ ወደ 9 ግራም ፕሮቲን ቢይዝ ነው፤ 60 ግራም ለመሙላት ሙዝ በምታክል ጨጓራ በቀን ሰባት ጊዜ መብላት ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት 55 ቀን ካለው ሁዳዴ ጋር እንዳይገጥሙ ቀጠሮውን ማስላት፣ ከገጠሙም አስቀድሞ ንስሐ አባትን ማማከር ነው። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም፤ ጣና ዳር ሆኖ እሱን የጀመረ ምሳው ይቀዘቅዛል።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር ይረግፋል። ሰውነት በድንገት ሲከሳ የሚያደርገው ነው፣ ፕሮቲኑና ብረቱ ከተሟላ ተመልሶ ይበቅላል። ሰፈሩ ግን «ቡዳ በላው» ይላል። እሱ ራሱ ሳይበላ ተበላ። ጠበል መሄድ የሚከለክለው የለም፤ በጆግ ጠጥቶ ማስመለስ ግን የእሱ ሥርዓት አይደለም፣ በስኒ ይቅመስ። ማስመለስ ለቀናት ሲደጋገም ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፣ እግር ይዝላል፣ ዓይን አንዱን ሁለት ያያል። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም የዕድሜ ልክ ናቸው። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከመዋጥ በፊት ሐኪም መጠየቅ ነው፣ ያጠረውን ጨጓራ ያቆስላሉ።

130 ኪሎ የነበረ ሰው ዓመት ሲሞላው ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ማረጋገጫው ሐይቁ ዳር ሚዛን ይዞ የተቀመጠው ልጅ ነው። ሰውዬው ጫማውን አውልቆ፣ ሞባይልና ቁልፉን ለልጁ አስይዞ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ይወጣል። ልጁ ጎንበስ ብሎ መርፌዋን ያያል፣ ቀና ብሎ የሱሪውን ስፋት ያያል፣ እንደገና መርፌዋን ያያል። ብሩን ተቀብሎ ዕቃውን እየመለሰ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«አይዞዎት ጋሼ፤ ይመለሳል።»