ሲያለቅስ ሳቅንበት

እናንት የደሴ ሰዎች፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ከራሴም ጋር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገሩን ልዋጠው ሞከርኩ። አልዋጥ አለኝ።

ባለፈው ወር ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ሴት ሞተች። ስሟን አልጽፍም፤ እኛ ሁላችን «እታለም» ነበር የምንላት። አንቱ መባል አትወድም ነበር። «አንቱ ካላችሁኝማ አረጀሁ ማለት ነው» ትላለች። ዕድሜዋን እንጀራ ስትጋግር ነው የኖረችው። የሰፈሩ ግማሽ የበላው ከእሷ ምጣድ ነው። ሊጡ ሊያልቅ ሲል ከቡሃቃው ግርጌ የቀረችውን ጠራርጋ ለልጆች እንጎቻ ትጋግርልን ነበር። በሩ ላይ ተሰልፈን እንጠብቃለን። አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል። በርበሬ ቀባ አድርጋ ስትሰጠን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያገላበጥን እፍ እፍ እንላለን።

ከእኛ ጋር ይሰለፍ የነበረ አንድ ልጅ አለ። የእህቷ ልጅ ነው። እናቱ ገና በልጅነቱ ሞታበት እታለም ናት ያሳደገችው። አልቃሻ ነበር። ተራው ሳይደርስ ሊጡ ካለቀ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ግራ ጥምም ይላል። ቀጥሎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ድምፅ የለውም። እንባው ብቻ ይወርዳል። እታለም ያቺን ከንፈር ካየች የራሷንም ጉርሻ ትሰጠዋለች።

ያ ልጅ አድጎ አዲስ አበባ ሄደ። ዛሬ ታውቁታላችሁ። ስሙን ብጠራው ሁላችሁም ፈገግ ትላላችሁ፤ የማልጠራውም ለዚህ ነው። ኮሜዲያን ነው። ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚያስቃችሁ ምኑ ነው? ለቅሶው! ያቺ ወደ ግራ የምትጣመም ከንፈር። እናንተ የፈጠራት መስሏችኋል። እኔ ግን ከየት እንዳመጣት አውቃለሁ። ካፌ ስቀመጥ «አብሮ አደጌ ነው እኮ» እያልኩ ስንቴ ቡና ተጋብዤበታለሁ መሰላችሁ።

እታለም የሞተች ለታ የቅሬው (የዕድራችን) ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጣ፤ እንደ ደንባችን። ልጁ ማታ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርዶ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጣ። ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ያህል ማንም አላወቀውም። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። እኔ አወቅሁት። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ «አብሽር» አልኩት። እጄን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

ቡና የምታቀርብ ልጅ ሲኒ ስታቀብለው ፊቱን አየች። ነጋ። ግቢው አጥር ላይ የወጣት ጭንቅላት ተደርድሯል። ባጃጆች መንገዱን ዘግተዋል። እታለምን በሕይወቷ አንድ ቀን «እንደምን አደርሽ» ብሏት የማያውቅ ሁሉ ለቀብሯ መጣ።

አስከሬኑ ወጣ። ተሸካሚዎቹ ሦስት ጊዜ ቆሙ፤ መንገድ ስለጠፋ። እኛ ሰው ስንቀብር ከሣጥኑ ኋላ ነው የምንሄደው አይደል? የዚያን ቀን ሕዝቡ ሣጥኑን ትቶ ልጁን ነበር የከበበው። ሣጥኑ ብቻውን ከአራት ተሸካሚ ጋር ከፊት ይሄዳል። ልጁ ሊደርስበት ይታገላል። አንዱ ክንዱን ይዞ ስልኩን ወደ ላይ ያነሳል፤ ሲለቀው ሌላው ይይዘዋል። ነጠላው ሁለቴ ወደቀ። አንዴ ረገጡት።

መቃብሩ ጋ ደረስን። ፍትሐቱ አለቀ። አንዲት ጎረቤታችን ሙሾ ታወርዳለች። «ምጣዱም ቀዝቅዟል፣ እሳትም የለበት» አለች። ሣጥኑ በገመድ መውረድ ጀመረ። ያኔ የልጁ ከንፈር ወደ ግራ ጥምም አለች። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

አንድ ሰው ሳቀ።

ከዚያ ሌላ። ከዚያ ከኋላ ያሉት። አፋቸውን በነጠላ የያዙ ነበሩ፤ ያልያዙም ነበሩ። አንዱ ወጣት ግንብ ላይ ቆሞ «ድገማት!» ብሎ ጮኸ። ድገማት! እናቱን እየቀበረ ላለ ሰው! አልቃሿ ዝም አለች። ሁለተኛውን ስንኝ እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።

ልጁ ቀና ብሎ አየን። አልተቆጣም። ፊታችንን ከዳር እስከ ዳር አየው፤ የጠፋበት ነገር እንዳለ ሰው። ዓይኑ እኔ ላይ ደረሰና ቆመ። የኔ ስልክ ደረቴ ፊት ተደቅኗል። ጥርሴም ገና አልተከደነም።

አዎ፣ እኔም ሳቅሁ። እናንተስ አታውቁም ልበል። ቀልዱ መስሏችሁ ነው ልበል። ያ ለቅሶ የእንጎቻ ለቅሶ እንደሆነ የማውቅ እኔ ምን ልበል? ሰባት ዓመት ሆኖት አጠገቤ ቆሞ ሲያለቅሳት ያየኋት ከንፈር ናት። አውቄ ሳቅሁ። ይኸው ነው።

ድንኳን ስንመለስ ደግሞ ሰልፉ ቀጠለ። «አብሽር ወንድሜ፣ እግዜር ያጥናህ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር በል» ይሉታል። ይህን ባንድ ትንፋሽ ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የቅሬያችን አንጋፋ የሆኑ አንድ ሐጂ አሉ። ከተቀመጡበት ተነሱ። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና «የሞተው ማነው?» አሉ። ዝም። «የሞተው ማነው? እናንተን ነው የምጠይቀው!» አሉ እንደገና። ከበሩ አካባቢ አንዱ «የሱ አክስት» አለ። «ስሟስ?» አሉት። መላሹ አጠገቡ ያለውን አየ። ያኛውም ሌላውን አየ። ሐጂ ምንም ሳይጨምሩ ወጡ።

ኮሜዲያኑ ሌሊቱን ሄደ። ሠልስቷን አልዋለም። ባሳደገችው ቤት ሦስት ቀን መቀመጥ ነፈግነው። ጠዋት ስገባ የተቀመጠበት ፍራሽ ላይ ጋቢው ተጣጥፎ ነበር። ምጣዱ ጥግ ላይ ቀዝቅዟል፤ አክንባሎው ግድግዳ ተደግፏል።

ቪዲዮው በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ነበር። የሳቅ ድምፅ ተጨምሮበት። (የኛ ሳቅ ያነሰ ይመስል!)

የኔው ቪዲዮ 17 ሰከንድ ነው። ቲክቶክ ላይ አልለጠፍኩም፤ ይሄን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር። የላክሁት ላንድ ሰው ብቻ ነው፤ ላስ ቬጋስ ላለው የአክስቴ ልጅ። እሱም እንጎቻ በልቶ ያደገ ነው። እንደዚያ አገር ብዙ ሐበሻ ካዚኖ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ካርታ ያድላል። ሌሊት ደወለልኝ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። «ሣጥኑ የት አለ?» አለኝ። ምን እንዳለ አልገባኝም። «መምጣት አልቻልኩም፤ ቀብሯን ልይ ብዬ ከፈትኩት። እታለም የለችበትም እኮ» አለኝ። ደግሜ አየሁት። እውነቱን ነው። በ17ቱ ሰከንድ ውስጥ ሣጥኑ አንዴም አይታይም።

ብዙ ነገር ተናግሮኛል። ሁሉንም አልጽፈውም። አንዱ ግን አልወጣልኝም። እሱ ጠረጴዛ ላይ ስማቸው ዓለምን ያዳረሰ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ በግማሽ ሜትር ርቀት። ስልክ አውጥቶ ቢያነሳቸው በዚያው ቀን ሥራው አበቃ። «ቢሸነፉም ፊታቸውን አላይም» አለኝ። ተራው አልቆ ከጠረጴዛው ሲነሳ እጁን አጨብጭቦ መዳፉንና የእጁን ጀርባ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ ያሳያል። ምንም አልወሰድኩም ለማለት ነው። በየቀኑ፣ በተነሳ ቁጥር። «ቁማር ቤት ነው እኮ የምሠራው» አለኝና ስልኩን ዘጋ።

እኛ ደግሞ የቁማር ቤቱን ሰው በኃጢአተኛ ነው የምንመድበው። ወሎ ገራገሩ፣ ወሎ እንግዳ ተቀባዩ፤ ሲዘፈንልን አንገታችንን እንነቀንቃለን። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ይኸው ከተማችን መሐል አለ። ስሙ አይጠየፍ። ትልቁም ትንሹም እኩል ገብቶ የሚበላበት ቤት ነበር። እንግዳ ስናስጎበኝ መጀመሪያ የምንወስደው እዚያ ነው። ድሃን አለመጠየፍ እናውቅበታለን፤ ይሄን አልክድም። ዝነኛን እንደ ሰው ማየት ነው ያቃተን።

ልጅ ሆነን የልዕልት ዲያናን ሞት በሬዲዮ የሰማን ጊዜ ትዝ ይለኛል። 1989 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች በሞተር ሳይክል ሲከተሏት መኪናዋ ዋሻ ውስጥ ተጋጨ። ሾፌሩም ጠጥቶ ነበር። ነፍሷ ሳትወጣ ፎቶ ያነሷት እንደነበሩ ስንሰማ ሰፈሩ በሙሉ ተራገመ። «ፈረንጅ ነውር አያውቅም» አሉ አባቴ። እታለምም ከንፈሯን መጠጠች። ያኔ ካሜራ የነበረው ሰው በጣት ይቆጠር ነበርና ራሳችንን የምንፈትንበት ዕድል አልነበረንም።

አሁን ሁላችንም ካሜራ አለን። ዝነኛ ሴት ፋርማሲ ተሰልፋ መድኃኒቷን እናያለን። ዝነኛ ሯጭ ልጁን ሽንት ቤት እየወሰደ እናስቆመዋለን። «ፍቅር ነው» እንላለን። ከፍቅር የሚሸሽ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ያ ልጅ ግን በሌሊት ሸሸን። «ዝናውን ፈልጎት አይደል?» የሚለኝም አለ። ዝናውን ፈልጎት ይሆናል። የእናቱን ቀብር ግን ቲኬት አልሸጠበትም። እናንት ወጣቶች፣ አንድ ሰው ሳሎናችሁ ውስጥ በቴሌቪዥን ስለገባ የቤተሰባችሁ አባል አይሆንም። ቢሆንማ ኖሮ እንዲያ ታደርጉታላችሁ? የገዛ ወንድማችሁ ሲያለቅስ «ድገማት» ትሉታላችሁ?

ወጣቶች እላለሁ ደግሞ። እኔ 43 ዓመቴ ነው።

ግንብ ላይ የጮኸውን ልጅ አውቀዋለሁ። የባጃጅ ሾፌር ነው። በቀደም ተሳፈርኩለት። ልገስጸው ነበር አሳቤ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። እሱ መሳቁን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የኔን ግን ከሁለት ሰው በቀር ያየ የለም። ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። ይሄን ጽሑፍ ካነበብክ፣ ወንድሜ፣ ያን ቀን ልነግርህ የፈለግሁት ይሄን ነበር። መጀመሪያ ግን ራሴ ልናገረው አልኩ።

ለኮሜዲያኑ አራት ጊዜ ደውያለሁ። አያነሳም። ቢያነሳ ምን እንደምለውም አላውቅ። ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ፤ ሰው ጠይቆኝ «አጠፋሁት» ስል ግን አንዳች ጀብዱ የሠራሁ እንዳይመስለኝ እየፈራሁ ነው።

ባለፈው እሑድ ቅሬው ተሰብስቦ ነበር። አጀንዳው የእታለም አርባ ነው። ሐጂ ሐሳብ አቀረቡ፤ ከእንግዲህ ድንኳን የሚገባ ሰው ስልኩን በር ላይ መሶብ ውስጥ ያኑር። ትልቅ ጭቅጭቅ ሆነ። «ስልክ ቢጠፋስ?» ያለ አለ። «ስልኮቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ በምን እንለየው?» ያለ አለ። አንዷ እናት ልጄ ከዓረብ አገር ትደውልልኛለች፣ አይሆንም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀን። በመጨረሻ ሁሉም ስሙን በወረቀት ላይ ጽፎ በላስቲክ ስልኩ ላይ እንዲያስር ተስማማን። ለእኚያ እናት ሲደወል ተጠርተው እንዲወጡ። ይሠራ ይሆን? ጠንቅ እንደሚበዛበት ይሰማኛል። ደግሞስ ለሌላው ቅሬ፣ ለመንገዱ፣ ለፋርማሲው ማን መሶብ ያቀርባል?

መሶቡ ከየት ይምጣ ሲባል የእታለም ይሁን ተባለ። ማን ይጠብቀው ሲባል እጄን አወጣሁ። አርባዋ ሁለት ሳምንት ተኩል ቀርቶታል። ልጁ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም። ሐጂ መልእክት ልከውበታል፤ በሰው፣ በስልክ አይደለም። እኔ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ነኝ። ስትመጡ ላስቲኩን ከኔ ተቀበሉ።