ሻጩን ከመምረጣችን በፊት ጠጋኙን እንጠይቅ

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሳይታሰብ ይጠፋል። ውሃ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጀሪካን፣ ሮቶ፣ ፓወር ባንክ፣ የሶላር መብራትና የከሰል ምድጃ ለብዙ ቤተሰብ የግድ ናቸው። ሰዎች «ከየት ልግዛ?» ሲሉኝ የቴሌግራም ቻናል ስም እየጠበቁ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምለው ሌላ ነው፤ ያንን ዕቃ የሚጠግን ሰው ፈልጉና ጠይቁት።

ሻጭ ዕቃውን የሚያውቀው በካርቶኑ ነው። ጠጋኝ ሆዱን ከፍቶ አይቶታል። የትኛው ኢንቨርተር ቶሎ እንደሚቃጠል፣ የትኛው ጄኔሬተር መለዋወጫ እንደሚጠፋለት ያውቃል። የሚሸጠው ነገር ስለሌለ ደግሞ እውነቱን ይነግራችኋል።

ፓወር ባንክን እንውሰድ። የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ላዩ ላይ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ አንዳንዴም 50,000 ተብሎ ተጽፎ ይሸጣል። የብዙዎቹ ውስጥ ክብ ክብ የሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። አንዱ ባትሪ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጥሩ የሚባለው የሚይዘው ደግሞ 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው። እንግዲህ 20,000 ለመሙላት ቢያንስ 6 ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪዎቹ ብቻ 270 ግራም ይሆናሉ ማለት ነው። 20,000 የተባለው ዕቃ 150 ግራም ከመዘነ ጽሑፉ ውሸት ነው። ይህን ለማወቅ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ቢምልም ሚዛኑን እመኑ።

የኤክስቴንሽን ገመድ ከዚህም የባሰ ያሳስበኛል፣ ቤት የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ያህል ነው። ገበያ ላይ የሞላው ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመር ተዘርግቶለት በቀጥታ ከግድግዳ መሰካት አለበት። ገመድ ስትገዙም ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በዚያው ውፍረት የንጹሕ መዳቡን ያህል አይሸከምም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ገዢው ግን አይጠይቅም።

ጀሪካን ላይ ብዙ አልልም። የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን። ኬሚካል የነበረበት ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

ለእኔ ከሁሉም አቅራቢዎች የሚበልጠው መርካቶ ነው፣ በተለይ ምናለሽ ተራ። እዚያ የሚሠራው ሰውና የሚሸጠው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ባልዲ ይሆናል፣ የመኪና ባሌስትራ (ከሥር ያለው የብረት ሞላ) መጥረቢያና ቢላ ይሆናል። «ይህን እጀታ ትንሽ አስረዝምልኝ» ብትሉት እዚያው ያስረዝምላችኋል። ቢሰበር መልሳችሁ ትወስዱለታላችሁ። ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ድረ ገጽ የለም። የከሰል ምድጃ የምትገዙ ከሆነ ውስጡ ሸክላ ያለውን ላቀች ምድጃ ምረጡ። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሲነጻጸር የከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል። ከሰል አሁን ባለበት ዋጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሸክላው እንዳልተሰነጠቀ ጣት አሳርፋችሁ ዳስሱት።

ኢንተርኔቱን አልጠላም። ጂጂ የሚባለው የመሸጫ ድረ ገጽና ቴሌግራም ለዋጋ ማነጻጸሪያ ጥሩ ናቸው፣ ያገለገለ ጄኔሬተርም ሆነ የሥራ መሣሪያ ይገኝባቸዋል። ግን ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም፤ የቆየ ማስታወቂያ አትመኑ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ሻጭ ደግሞ ለእኔ ከዝርዝሩ ይወጣል። ለሁሉም አንድ ዋጋ ያለው ሰው ዋጋውን አይደብቅም። ቅድሚያ በቴሌብር ላኩ የሚለውንም እንዲሁ። የማምነው የሱቁን አድራሻ የጻፈውን፣ ዕቃውን ከፍቶ በቪዲዮ የሚያሳየውንና «ቢበላሽ እዚሁ እንሠራዋለን» የሚለውን ነው። እንደዚህ ያሉ ቻናሎች አሉ፤ አንዳንዶቹን የያዙት ራሳቸው ጠጋኝ የሆኑ ወጣቶች ናቸው።

ደረሰኝ መቀበልም አትርሱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ደረሰኝ የሌለው ገዢ ግን ምን ይዞ ይከራከራል?

አሁን የሚያሳዝነኝ ደንበኝነቱ መበተኑ ነው። በ2016 የፒያሳ የቆዩ ሱቆች ሲፈርሱ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሱቅ አጣ። በጥቅምት 2017 ደግሞ የመርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎ የስንቱን ነጋዴ ንብረት በላ። ከተማው መታደሱን አልቃወምም፤ የሚያሳስበኝ ሱቁ ሁሉ ወደ ፎቅ ሲወጣ ነው። ሻጭ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ መሥራት ይችላል፤ በርሜል የሚቆርጥ፣ ብረት የሚበይድና ባሌስትራ የሚቀጠቅጥ ባለሙያ ግን አይችልም። እሱ መሬት ላይ ያለ ቦታ፣ በቂ የኤሌክትሪክ መስመርና ዕቃ የሚያወርድ መኪና የሚቆምበት ደጅ ይፈልጋል። የከተማው አስተዳደር መርካቶን ሲያድስ ይህንን ከመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ያስገባ። ጠጋኞቹንም ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይጀመር ጠርቶ ያማክር።