ሰዓቱ ጭንህን የት አውቆት?

የምሮጥበት ቡድን አስተባባሪ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ውሳኔ ለጠፈ። ለዱባይ ማራቶን የምንዘጋጅ ሁሉ የሩጫ የእጅ ሰዓታችን ማራቶኑን በስንት እንደምንጨርስ የተነበየልንን ስክሪንሹት አድርገን እንድንልክ፤ እሱም በዚያው በየፔሳችን (አንዱን ኪሎ ሜትር በምንሮጥበት ጊዜ) ሊመድበን። አንዱ ልጅ "የኔ የተጋነነ ይመስለኛል" ብሎ ቢጽፍ የተሰጠው መልስ "ሰዓቱ ካንተ በላይ ያውቅሃል" የሚል ነበር።

ከየት አምጥቶ?

የቀረበው ማስረጃ አስተባባሪው ራሱ ነው። በታላቁ ሩጫ ሰዓቱ የሳተው በ40 ሰከንድ ብቻ ነው አሉ። እሰይ! 10 ኪሎ ሜትር ነዋ። በሳምንት ሦስቴ የሚሮጠውን ርቀት በስንት እንደሚጨርሰው እኔም ያለ ባትሪ እነግረው ነበር።

ጉዳዩ ማራቶን ነው። ሰዓቱ የሚያየው ፔስህንና የልብ ምትህን ነው። ከሁለቱ ቪኦቱ ማክስህን፣ ማለትም ሰውነትህ ሲሮጥ ሊጠቀምበት የሚችለውን ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን፣ ይገምታል፤ ይገምታል እንጂ አይለካም። በዚያ ግምት ላይ ሌላ ግምት ይደርብበታል። የልብ ምቱ ራሱ ከእጅ አንጓ ላይ በአረንጓዴ መብራት የሚነበብ ነው፤ በእንጦጦ የማለዳ ብርድ ማሰሪያው ላላ ካለ የእርምጃህን ምት የልብህ ነው ብሎ ቁጭ ይላል።

ከርቀት ወደ ርቀት ማሸጋገሩ ደግሞ ይብሳል። ፒተር ሪገል የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1970ዎቹ ያወጣው ቀመር ዛሬም በብዙ ማስያዎች ውስጥ አለ፦ አዲሱ ርቀት የሮጥከውን ስንት እጥፍ እንደሆነ አስልተህ፣ ያንን ወደ 1.06 ኃይል (ፓወር) ከፍ አድርገህ በጊዜህ ታባዛዋለህ። 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ የሚገባ ሰው ማራቶኑን በ3:50 ግድም ይጨርሳል ማለት ነው። ማን? በሳምንት 90 ኪሎ ሜትር ሰንዳፋ ላይ የሚፈጀው ነው ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሮጦ ቁርሱን ፍርፍር የሚበላው? ለቀመሩ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰዓቶቹ ከዚህ የረቀቀ ስሌት አለን ይላሉ። ይበሉ። 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በጡንቻህ የተከማቸው ስኳር ሲያልቅና ጭንህ እንደ እንጨት ሲደርቅ የሚመጣውን ግን ከሳንባህ ጥንካሬ ማንበብ አይቻልም። የኔው ሰዓት አንድ ጊዜ 3:28 ብሎኝ 3:52 ገብቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ኪሎ ሜትሮች እያነከስኩ ስራመድም "አቅምህ ጥሩ ነው" እያለ ይነዝረኝ ነበር።

ከፍታውንም ጨምሩበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚያው ፔስ ልብ ከቆላው ይልቅ ይደክማል፣ ሰዓቱም ሰነፍ ይልሃል። ከፍታን አስተካክላለሁ የሚሉ አሉ። የኔው አዳማ ወርጄ አንድ ቅዳሜ ብሮጥ ትንበያዬን 6 ደቂቃ ቀነሰልኝ። በአንድ ሌሊት ጎበዝኩ!

ትዕግስት አሰፋ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2022 ሪያድ ላይ ማራቶን በ2:34:01 ገባች፤ በዚያው ዓመት መስከረም በርሊንን በ2:15:37 አሸነፈች። የትኛው ሰዓት ነው ይህን አይቶ የነበረው? አሠልጣኟ ሳያይ አይቀርም፤ አሠልጣኝ ዓይን አለው።

እኔ ስክሪንሹት አልላክሁም። የላክሁት የመጨረሻዎቹን ሦስት ሎንግ ራኖቼን (ረጅም የልምምድ ሩጫዎቼን) ነው፤ አንዱን 29ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቋርጬ በታክሲ እንደተመለስኩ ጭምር ጽፌ። አስተባባሪያችን አንብቦታል፤ እስካሁን አልመለሰም።