ተሸናፊ የሌለበት ክርክር

«በዛሬው ክርክር ተሸናፊ የለም፤ ሁለቱም ወገን አሸንፏል!» ተባለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ አላጨበጨብኩም። የዳኝነት ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ነጥቡ ተደምሯል፣ ያሸነፈው ወገን ተጽፏል፣ ለምን እንዳሸነፈም ከሥሩ ተብራርቷል። የጠየቀኝ ግን የለም።

እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ልናገረው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለእረፍት አዲስ አበባ ስመጣ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ልጆቹን ትንሽ ክርክር አስተምሪልን» አለኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። አሰልጣኝ ምናምን አይደለሁም። ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ዲቤት ክለብ (የክርክር ክበብ) ሲገባ እኔም ሳልወድ አብሬ ገባሁ፤ ምክንያቱም ተወዳዳሪ የሚያመጣ ትምህርት ቤት ዳኛም ማምጣት አለበት፣ ዳኛ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወላጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንዷ እናት ሌሊቱን ሆስፒታል ሥራ አድራ፣ አንዱ አባት ታክሲውን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ቡናችንን ይዘን አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ እንላለን። ስለ ርዕሱ የምናውቀው ነገር ላይኖር ይችላል። ግን መፍረድ ግዴታ ነው። እኩል ናቸው ብሎ መውጣት የለም። ፈርዶም ዝም ማለት የለም፤ የውሳኔህን ምክንያት ትጽፋለህ፣ ልጆቹ ያነቡታል፣ አሰልጣኛቸውም ያነበዋል። ምክንያቱ የማይረባ ከሆነ እንደሚያሙህ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ጆሮህን ቀስረህ ትሰማለህ።

ወደ አራት ኪሎ ልመለስ። የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በርዕሱ ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያዘጋጀው «ከገንዘብና ከዕውቀት የቱ ይበልጣል?» የሚል ነው። ያልተከራከረበት ሰው አለ? እኔም ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ለዕውቀት ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኼበታለሁ። ግን እስቲ ይታያችሁ፣ ዕውቀት ቢያሸንፍ ምን ይለወጣል? ማንም ምንም አይወስንም። እንዲህ ያለ ርዕስ ከመጀመሪያውም ተሸናፊ እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው። የክርክር ርዕስ ግን አንድ ነገር ይደረግ ወይስ አይደረግ ብሎ ማፋጠጥ አለበት። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ «ተማሪዎች ስልክ ይዘው ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ይከልከል» በሚለው ተስማማን። ልጆቹ ወዲያው ነቃ አሉ።

ልጆቹ ንግግር ይችላሉ፤ በሚኒ ሚዲያ ያደጉ ናቸው። «ክቡራን የመድረኩ መሪ፣ ክቡራን ዳኞች» ሲሉ ደስ ይላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ተነስቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል፣ ክፍሉ በፉጨት ይቀልጣል፣ ልጁም ያሸነፈ መስሎት ይቀመጣል። ወንድሜ፣ ከስልኩ ጋር ምን አገናኘው?

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ አራት ጥያቄ ጻፍኩ። ምንድነው የምትለው? ለምን? በምን ታውቃለህ? እና ምን ይጠበስ? አራተኛዋ ላይ ሳቁ። ሥራውን የሠራችው ግን እሷ ናት። «ስልክ ትኩረት ይበታትናል» ሲል አንዱ፣ ከኋላ በአንድ ድምፅ «እና ምን ይጠበስ?» ይሉታል፤ እሱም የግዱን ትኩረት ሲበታተን ማን እንደሚጎዳ፣ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ መከልከሉ ለምን ከሌላው መፍትሔ እንደሚሻል ይናገራል። በሁለተኛው ሳምንት ተረትና ምሳሌው በራሱ ጊዜ ቀነሰ። ጨርሶ እንዲጠፋ አልፈልግም፤ ጌጥ ነው። ማስረጃ ግን አይደለም።

ያስተማርኳቸው በየወገኑ ሦስት ተናጋሪ ያለበትን፣ በዓለም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር የሚሠራበትን ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደቂቃ የተናጋሪው ብቻ ነው፤ በመሀል ያለው ጊዜ ላይ ተቃራኒው ወገን ተነስቶ አጭር ጥያቄ ለመጣል ይጠይቃል፤ ተናጋሪው ከፈለገ ይቀበላል፣ ካልፈለገ «ይቀመጡ» ይላል። በመጨረሻ ከየወገኑ አንድ ሰው ለ4 ደቂቃ ክርክሩን ይቋጫል። ነጥቡ ለይዘት 40፣ ለአቀራረብ 40፣ ለስልት 20 ነው። ለጭብጨባ የተመደበ ነጥብ የለም።

ወገን የሚለየው በዕጣ ነው። ዘውድና ጎፈር ብለን ሳንቲም ወረወርን። ስልኩን ከእጁ የማይለየው ልጅ «ይከልከል» የሚለው ወገን ደረሰውና ተቀወጠ። አንድ መምህርም ወደ ጎን ወስደው «እህቴ፣ ያላመነበትን እንዲናገር ማስተማር ማስመሰልን ማስተማር አይሆንም ወይ?» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የተቃራኒህን ሐሳብ እሱ ራሱ ከሚናገረው በተሻለ መናገር ካልቻልክ አልገባህም ማለት ነው አልኳቸው። እሳቸውም «ይሁን» አሉ። «ይሁን» ማለት አልተቀበልኩሽም ማለት እንደሆነ አገር ያውቃል።

ደግሞ ትንሽ እውነት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር መስመር ሲለቅ አይቻለሁ። ፖሊሲ ዲቤት የሚሉት ዓይነት አለ፤ ጎበዝ የሚባሉት ልጆች በደቂቃ ከ300 ቃል በላይ ይተፋሉ፣ ትንፋሽ የሚወስዱት እንደ ዋናተኛ ነው፣ እኔ አንድም አይገባኝም። ብዙ ምክንያት ከደረደርክ ተቃራኒህ ለሁሉም መልስ መስጫ ጊዜ ያጣል፣ ያልመለሰው ይቆጠርበታል። ክረምት ላይ የማሰልጠኛ ካምፕ ከፍለው የሚገቡት ደግሞ የሀብታም ልጆች ናቸው። ይሄንን አምጡ አላልኩም። እኔ አምጡ ያልኩት ፍርዱን ነው።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ጥሪው ለ3 ሰዓት ነበር። የክብር እንግዳው ሲጠበቁ 4 ሰዓት አለፈ። ባነር ተሰቅሏል፣ ውሃ ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል፣ ልጆቹ በላብ ተጠምቀዋል። በመጨረሻ መጡ። መድረክ መሪው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ጊዜ ስለሌለን ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ እናድርገው» አለኝ። ስምንቱን ደቂቃ ተዘጋጅተው የመጡ ልጆች! አንዷ ተማሪ ይሄን ስትሰማ ወረቀቷን አይታ ግማሹን በእስክሪብቶ ሰረዘችው፤ አንጀቴን በላችው። ልጆቹ በአራተኛው ደቂቃ ደወል እየተደወለባቸው ተቀመጡ። ከዚያ እንግዳው ተጋበዙ። ስለ ወጣትነታቸው፣ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ኮሪደር ልማቱ፣ ስለ ሥነ ምግባር በድጋሚ። ደወሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደዋዩ ልጅ ደወሉን ያያል፣ እኔን ያየኛል። ምን ልበለው?

ከዚያ ነው ያ ዓረፍተ ነገር የመጣው። ሁለቱም አሸንፏል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰርተፍኬት። ለእኔም ተሰጠኝ፤ የአባቴ ስም ተሳስቷል።

ኋላ ርእሰ መምህሩን «ለምን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በትሕትና «ልጆች ናቸው፣ ሞራላቸው እንዳይነካ፤ ወላጅም አለ» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። ሽምግልና ላይ ያደግን ሰዎች ነን፤ «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብለን ማስታረቅ እናውቅበታለን። ግን ልጆቹ አልተጣሉም እኮ! የሚያስታርቃቸው ማን ጠየቀ?

ደግሞ ክርክር ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር ይመስል። በላ ልበልሃ ብሎ ነጠላውን አስተካክሎ ቆሞ፣ ዘንጉን እየነቀነቀ፣ በማር በበቅሎ እየተወራረደ የሚሟገት ሕዝብ ነው የነበረው። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «ዳኘን» ይሉት ነበር፤ እሱም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ታክሲውን አቁሞ ሜሪላንድ ውስጥ የሚፈርደው አባት ሠፈር ቀየረ እንጂ ሥራው ያው ነው። ሁለታችሁም ረታችሁ ቢባሉ በቅሎዋን ማን ይወስዳል?

ለልጆቹ የሊንከንን ታሪክ ነግሬያቸው ነበር። በፈረንጆች 1858 ዓ.ም. አብርሃም ሊንከንና ስቲቨን ዳግላስ ለአሜሪካ ሴኔት ወንበር ሲፎካከሩ ኢሊኖይ ውስጥ በሰባት ከተማ ተከራክረዋል። መጀመሪያ የሚናገረው 60 ደቂቃ፣ ቀጣዩ 90፣ ከዚያ ፊተኛው 30 ደቂቃ ለመልስ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንዱ የተማሪዎች ክርክር ዓይነት በስማቸው ይጠራል። የሴኔቱን ወንበር የያዘው ዳግላስ ነው። ሊንከን ተሸነፈ፤ መሸነፉንም አወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ዳግላስን ጨምሮ ሌሎቹን አሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሞራሉ ተነክቶ እቤቱ አልቀረም።

ከአዳራሹ ስወጣ ወረቀቷን የሰረዘችው ልጅ ተከተለችኝ። «ሚስ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማን አሸነፈ?» አለችኝ። በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ወደ ድል ሐውልቱ እየሄድን ነበር፤ አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«እነሱ» አልኳት። «በሁለት ነጥብ።»

አላለቀሰችም። «የቱ ጋ?» አለችኝ፣ ማስታወሻዋን አውጥታ። ከደብተሯ መሀል የተገነጠለ ድርብ ወረቀት ነው፤ በዓምድ ተከፋፍሏል፣ የራሷ በሰማያዊ፣ የእነሱ በቀይ፣ ከቀዩ ወደ ሰማያዊው ቀስት። ለእያንዳንዱ መልስ ሰጥታለች። አንዱ ቀይ ብቻ ተከቦ ጎኑ ባዶ ነው። ተቃራኒዎቿ «መጽሐፍ ለሁላችንም አልደረሰም፤ ብዙዎቻችን የምናነበው በቴሌግራም የተላከውን ፒዲኤፍ በስልካችን ነው፤ ስልክ ስትከለክሉ መጽሐፍ እየከለከላችሁ ነው» ብለዋል። ጠንካራ ነጥብ ነበር። ጣቴን ባዶው ላይ አደረግኩ።

«ረስቼው አይደለም» አለች። «መልስ አጥቼለት ነው። እኔም የማነበው በስልክ ነው።»

«ታዲያ ልክ ናችሁ ብትያቸውስ?»

«ልክ ናችሁ ብዬ እንዴት አሸንፋለሁ?»

እዚያ ላይ ብዙ ቆየን። ልክ ናችሁ ብላ፣ ግን መጽሐፍ የሚነበበው ለአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ስልኩ የሚረብሸው ቀኑን ሙሉ ነው ብትልስ? ወይ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ ይፈቀድ ብትልስ? የተቃራኒን እውነት ተቀብሎ መመዘን ከማስተባበል ይከብዳል፤ ስልት ለሚባለው 20 ነጥብ የሚያበቃውም አንዱ እሱ ነው። በሰማያዊ ጻፈችው። ያቺን ግማሽ ሰዓት በዚያ አዳራሽ ጭብጨባ አልለውጣትም። ሁለታችሁም አሸንፋችኋል የተባሉት ሌሎቹ አምስት ልጆች ግን ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ሄደዋል፤ የት ጋ እንደ በለጡና የት ጋ እንደ ሳቱ የነገራቸው የለም። የዳኝነት ወረቀቱን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቼ ነበር። ፋይል ተደርጓል ተብያለሁ።

ሜሪላንድ ከተመለስኩ በኋላ የልጅቷ እናት በዋትስአፕ ደወሉ። ለምስጋና መስሎኝ ነበር። «የኔ እህት፣ ምን አስተምረሽብኝ ነው የሄድሽው?» አሉ። ለካ ልጅቷ ማታ አባቷ አንድ ነገር ሲናገሩ «አባዬ፣ ይሄ ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይደለም» ብላቸዋለች።

«አባትየውስ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ምን ይላል? ተቆጣት። ከዚያ በነጋታው ሲቪል ሰርቪስ ያለ ጓደኛው ጋ ደውሎ ለተናገረው ነገር ማስረጃ ጠየቀ።»