መስኮቱ ወደ ምን ይከፈታል?

ባለፈው መጋቢት ለወላጆች ስብሰባ እዚህ ጎንደር ልጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ስብሰባው እስኪጀመር አራተኛ ክፍል ገብቼ የልጄ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ሙቀቱ አናት ይበሳል። በአንደኛው መስኮት የአዲሱ ሕንፃ ብሎኬት ብቻ ነው የሚታየው። በሌላኛው በኩል መንገድ ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ገብቶ ዴስኩ ላይ ያርፋል። በጣቴ ስሜን ብጽፍበት ይነበባል።

ብሎኬቱ በሚታይበት በኩል አምና አንዲት ወይራ ነበረች። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ሥሯ ተጠጋግተው ዳቧቸውን ይበሉ ነበር። ተጨማሪ ክፍል ሊሠራ ነው ተብሎ ተቆረጠች። ክፍል እንደሚያስፈልግ አይጠፋኝም፤ ልጆቹ እንዴት ተጨናንቀው እንደሚማሩ አይቻለሁ። ግን ጉቶዋ ከግድግዳው አራት እርምጃ ርቆ ነው ያለው። ሳትነካ መቆም ትችል ነበር። ማንም አላሰበባትም።

ይህን ሳነሳ ሰው ሁሉ «ዛፍና የሒሳብ ውጤት ምን አገናኛቸው?» ይለኛል። ይገናኛሉ። ባርሴሎና ውስጥ ተመራማሪዎች በ36 ትምህርት ቤቶች 2,593 ልጆችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ትምህርት ቤታቸው አረንጓዴ የሆነላቸው ልጆች ነገርን በጭንቅላት ይዞ የማስላት ችሎታቸው ከሌሎቹ በተሻለ አድጓል። ሐሳባቸው የሚበተነውም ቀንሷል። አንዱ ምክንያት አየሩ ነው፤ ዛፍ ባለበት የመኪና ጭስ ያነሰ ነበር። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ 94 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በዕጣ ሦስት ዓይነት ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው፦ መስኮት የሌለው፣ መስኮቱ ሕንፃ የሚያሳይ፣ መስኮቱ ዛፍ የሚያሳይ። ሥራ ሰጧቸው፤ ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ አጭር ዕረፍት። ከዕረፍቱ በኋላ ትኩረታቸው በደንብ የተመለሰላቸው ዛፍ ሲያዩ የቆዩት ናቸው።

ጥናት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል አልልም። ዛፍ መምህርን አይተካም፤ መጽሐፍንም አይተካም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሁላችንም ደንግጠናል። ያንን ችግኝ ተክለን አንፈታውም። በጦርነቱ ምክንያት ከትምህርት የራቁት ልጆቻችን ጉዳይማ ሌላ ሐዘን ነው። ግን ክፍል ውስጥ ላለችው ልጅ አየሩና ጥላው እዚያው በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ደግሞ ይህ ለጎንደር አዲስ ነገር ሆኖ ነው? የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲቆጥር ከሰው ገለል ይላል፤ ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። የቆሎ ተማሪ ጥላ ፈልጎ ነው ትምህርቱን የሚቀጽለው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ስትገቡ አስቡት። ፀሐይዋ ውጭ ትቀራለች፤ ድምፃችሁ ሳታውቁት ዝቅ ይላል። አባቶቻችን ጽዱንና ወይራውን ሲጠብቁ ጥናት አላስፈለጋቸውም። እኛ ግን ለልጆቻችን ግቢ ስንሠራ መጀመሪያ የምናነሳው መጥረቢያ ነው።

«በየክረምቱ እንተክል የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ሐምሌ ላይ እንተክላለን፤ ፎቶ እንነሳለን። መስከረም ላይ ዝናቡ ይሄዳል። ጥር ሲደርስ ችግኙ ደርቆ እንጨቱ ብቻ ቆሟል። በዚያ ወቅት ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፤ ልጆቹም አሉ። ውሃ እንደሚቸግረን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጄሪካን ይዞ ያልተሰለፈ የለም። ቢሆንም የእጅ መታጠቢያው ውሃ በየቀኑ መሬት ላይ ይፈስሳል። ለአንድ ክፍል አንድ ችግኝ ቢሰጥ፣ ያ ውሃ ይበቃዋል። ባሕር ዛፍ ግን ይቅር። ቶሎ ያድጋል፤ ግን ውሃውን ይመጥጣል፤ ሥሩም ሌላ ነገር እንደልብ አይበቅልም። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ ይተከል። ወይራና ጽድ ቀስ ይላሉ፤ ዋንዛው ግን ፈጠን ስለሚል አራተኛ ክፍል ያለችው ልጅ ስምንተኛ ስትደርስ ጥላውን ልታገኝ ትችላለች።

ከስብሰባው በፊት ልጄ እጄን ይዛ ወደ ጉቶው ወሰደችኝ። ከጎኑ አቆጥቁጧል። ጣት የሚያክሉ ሦስት ቅርንጫፎች ወጥተዋል፤ ቅጠላቸው ገና ለስላሳ ነው። አንዱን ፍየል ቀጥፎታል። ልጄና ጓደኞቿ በሃይላንድ ውሃ እያመላለሱ ያጠጡታል፤ ዙሪያው እርጥብ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ «ሐሳብ ያለው?» ተባለ። እጄን አወጣሁና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ ቅዳሜ መጥተን ለዚያች ቡቃያ የእሾህ አጥር እንጠርላት።