መስታወት አይመርጥም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ የዜና አዘጋጅ «እኛ መስታወት ነን፤ ያለውን ነው የምናሳየው» ሲሉ ሰማሁ። ጋዜጣ እየቆራረጡ የሚሠሩ አርቲስቶች ሕዝቡ በዜና ላይ ያለውን እምነት እየሸረሸሩ ነውም አሉ። ደሜ ፈላ።

መስታወት አይመርጥም። ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል። የዜና ክፍል ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሥራው መምረጥ ነው። የቱ ይቅደም? የቱ ፎቶ ይግባ? የቱ ይቅር? ይህን እያወቁ መስታወት ነን ማለት ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው።

ያላመነ ቺሊያዊው አርቲስት አልፍሬዶ ጃር እ.ኤ.አ. በ1994 የሠራውን ይመልከት። ጃር የአሜሪካውን ሳምንታዊ መጽሔት የኒውስዊክን 17 ሽፋኖች በተርታ ሰቀለ። ከእያንዳንዱ ሥር በዚያ ሰሞን በሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ የሆነውን ጻፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከላይ ሽፋኖቹ ይቀያየራሉ። ከሥር የሟቾች ቁጥር ይጨምራል። ሩዋንዳ ሽፋን ላይ የወጣችው ኦገስት 1 ቀን ነው። ያኔ የሚገደለው ተገድሎ አልቋል።

እዚህ ውስጥ ውሸት መፈለግ አያስፈልግም። አንባቢው በየሳምንቱ ሽፋኑን አይቶ፣ የዓለም ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው ብሎ ተኛ። ለማን እንዲያዝን ማንም አላዘዘውም። ዛሬም ያው ነው። የአንዱ አደጋ ሟች ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ ስንት ልጅ እንደነበረው ይነገራል። የሌላው አደጋ ሟቾች ቁጥር ብቻ ናቸው። ይህን በየቀኑ የሚያይ ሰው ወገኑ ማን እንደሆነ ሳይነገረው ይማራል። አስተማሪ እንዳለውም አያውቅም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ኒውስዊክና ሌላው የአሜሪካ መጽሔት ታይም፣ በግድያ የተከሰሰውን ጥቁር አሜሪካዊ ስፖርተኛ የኦ ጄ ሲምፕሰንን አንድ የፖሊስ ፎቶ ሽፋን አደረጉ። ታይም ግን ፊቱን አጥቁሮ አወጣው። ሁለቱ መጽሔቶች ጎን ለጎን ባይቀመጡ ስንቱ ልብ ይለው ነበር?

ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው የአርቲስቱ ሥራ። አሜሪካዊቷ አርቲስት ሣራ ቻርልስዎርዝ ኤፕሪል 21 ቀን 1978 የወጡ የ45 ጋዜጦችን የፊት ገጽ ወስዳ ጽሑፉን ሁሉ አጠፋች። የጋዜጣው ስምና ፎቶዎቹ ብቻ ቀሩ። የታገተው የጣሊያን ፖለቲከኛ አልዶ ሞሮ፣ በሕይወት መኖሩ እንዲታወቅ አጋቾቹ ጋዜጣ አስይዘው ያነሱት ፎቶ አለ። አንዱ ገጽ ላይ ገዝፎ ይታያል፤ ሌላው ላይ አንሶ። ቀኑ አንድ፣ ሰውየው አንድ። መስታወቱ የቱ ነው?

ጋዜጠኛ ቦታና ሰዓት እንደሚያጥረው አውቃለሁ። ይምረጥ። ግን መረጥኩ ይበል። እምነት የሸረሸረው የጃር ግድግዳ ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሳምንታት ናቸው።

እስቲ እኚህ አዘጋጅ ያለፉትን 17 ሳምንታት የመክፈቻ ዜናዎቻቸውን በተርታ ይስቀሉልን። ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ በዚያ ሳምንት ያስቀሩትን በእጃቸው ይጻፉ። መጀመሪያ ሄጄ የማየው እኔ ነኝ።