ሁለት ዓመት እንደዋዛ ሲያልፍ

የአንድ የማውቀው ልጅ ነገር ሰሞኑን አንጀቴን አሳረረው። ቴክሳስ ውስጥ ሚድላንድ አካባቢ ነዳጅ ወደሚቆፈርበት ቦታ አሸዋ የሚያመላልስ የትራክ ሹፌር ነው። ሊያራግፍ ቆሞ ሳለ የሌላ ድርጅት ፎርክሊፍት (የዕቃ ማንሻ መኪና) እግሩ ላይ ወጣበት። የአሠሪው ኢንሹራንስ ሕክምናውንና ከደሞዙ የተወሰነውን ከፈለው። እሱም “ተመስገን፣ ተርፌያለሁ” ብሎ ዝም አለ። ባለፎርክሊፍቱን መክሰስ እንደሚችል የሰማው ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እዚህ ደግሞ ሁለት ዓመት ካለፈ አለቀ!

አሠሪህ ያንን ኢንሹራንስ ከገባልህ በቸልተኝነት ጎዳኝ ብለህ እሱን አትከሰውም። ግን አንድ ጉድጓድ ዙሪያ የስንት ድርጅት ሠራተኛ ነው የሚርመሰመሰው? የጎዳህ ሌላው ከሆነ እሱን ትከሳለህ። ኢንሹራንሱ የማይከፍልህን የሥቃይህን ካሳ የምትጠይቀው ከእሱ ነው።

በፈረንጆቹ 2005 ቴክሳስ ሲቲ ውስጥ ቢፒ የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ ማጣሪያ ሲፈነዳ የሞቱት 15ቱም የኮንትራክተር ሠራተኞች ነበሩ። የማጣሪያው ማማ ከልክ በላይ ሞልቶ ነዳጅ ሲተፋ እነሱ እዚያው አጠገብ በተደረደሩት ተጎታች ቢሮዎች ውስጥና አካባቢ ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ቢፒን ከሰሱ። ቢፒም ለካሳ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። እናትና አባቷን በአንድ ቀን ያጣች ልጅ ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይበቃኝም፣ የድርጅቱ የውስጥ ሰነድ ሕዝብ ይየው ብላ አስወጣችው። እንዲህ ያለ ወኔ እንዴት ደስ ይላል!

አገር ቤት ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ቁጥር 2081 ጭራሽ የማሽንና የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል ይላል። ይርጋውም፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ እንደ ቴክሳስ ሁለት ዓመት ነው። ማን ይጠቀምበት?

አምና የአክስቴን ልጅ ሕንፃ ሲሠራ የሌላ ድርጅት ሎደር ወገቡን መታው። ሽማግሌ ተላከ፣ ለመድኃኒት የምትሆን ነገር ሰጡት፣ አስፈረሙት። “ያጋጠመ ነው፣ ሹፌሩም የልጆች አባት ነው” አሉት። ሹፌሩን ማን ክሰስ አለው? ባለሎደሩን ነው እንጂ! ደውዬ ምን ላይ ነው የፈረምከው ብለው የወረቀቱ ኮፒ እንኳ እጁ ላይ የለም። አክስቴ ደግሞ “ተወው ልጄ፣ ከሰው አታጣላው” ትለኛለች። እትዬ፣ ልጅሽ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቅቶት ቤት ተቀምጧል እኮ! ጠበቃ እኔ እከፍላለሁ ብያለሁ፤ እሱ ግን እስካሁን ሽማግሌዎቹን እንዳያስቀይም ይጨነቃል።